«ሞልቷል» ከመባላችን በፊት

(ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በተካሄደው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። «ጽሑፉን ላክልን» ያላችሁኝ ስለበዛችሁ ከተቀዳው ድምፅ ላይ ገልብጬዋለሁ። ብዙም አልነካካሁትም። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ዋላችሁ?

አይ፣ ይሄ የራበው ሰው ድምፅ ነው። ምሳው ከኋላ እየሸተተ ንግግር ማድረግ ቀላል አይደለም። አዘጋጆቹ ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። «የሐበሻ ሃያ ነው የአሜሪካ?» ብዬ ብጠይቃቸው ሳቁ እንጂ አልመለሱልኝም። ስለዚህ የሐበሻውን ወስጃለሁ።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ። እዚያ ጥግ ስልክ የምትነካኩ ልጆችም። ነገሩ ከሁሉ በላይ የናንተ ነው፤ አንድ ጊዜ ቀና በሉልኝ።

እስቲ እጃችሁን አውጡ። እዚህ አገር 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የኖረ? እሺ፣ ሁላችንም ማለት ይቻላል። ዲፕ ክሪክ ሐይቅን ያየስ? አንድ፣ ሁለት... አራት ሰው። ከኒንግሃም ፏፏቴን ያየ? ሰባት። አሁን ደግሞ ላስ ቬጋስን ያየ? እዩት! እጁን እዩትማ!

አልፈርድባችሁም። እኔ ራሴ 17 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። በ270 አውራ ጎዳና ስንት ሺህ ጊዜ ተመላልሻለሁ። መንገዱ ዳር ቡናማ ሰሌዳዎች አሉ። አረንጓዴው ሰሌዳ ወደ ሥራና ወደ ከተማ ነው፤ ቡናማው ወደ ፓርክና ወደ ሐይቅ። 17 ዓመት ሙሉ አረንጓዴውን ብቻ ነው ያነበብኩት። ቡናማው ለኔ የተጻፈ አይመስለኝም ነበር። ለማን ነው የተጻፈው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ጣሪያው ላይ ጀልባ ለጫነ ሰው እላችሁ ነበር። እኔ ጣሪያዬ ላይ የጫንኩት «ታክሲ» የሚል መብራት ነው።

ዛሬ ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ እነዚህ የቡናማው ሰሌዳ ቦታዎች፣ ፓርኮቹና ሐይቆቹ፣ ምንድን ናቸው? ሁለተኛ፣ ከየት መጡ? ሦስተኛ፣ እንዴት ነው የሚኬደው? ሁለተኛው ላይ ልቆይባችሁ እችላለሁ፤ ታገሱኝ።

ግን መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

የዛሬ 14 ዓመት ገደማ ነው። ሐምሌ፣ እሁድ ቀን። ባለቤቴ «ልጆቹ ቲቪ ላይ ተሰፉ፣ አንድ ቦታ ውሰደን» አለች። አንድ ደንበኛዬ ስለ አንድ ፓርክ ነግሮኝ ነበር፤ ሐይቅ አለው፣ አሸዋ አለው፣ ልጆች ይንቦጫረቃሉ። ሦስት መኪና፣ አሥራ አራት ሰው ሆነን ተቀጣጠርን። ባለቤቴ ለሁሉም ደውላ «ሁለት ሰዓት እንነሳለን» አለች። እሷ በኛ ነው፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። የእህቷ ባል ግን ፈረንጅ ሆኗል፤ በእነሱ ሁለት ሰዓት መሰለው፣ ከምሳ በኋላ! ስንደውል ገና ፒጃማ ለብሶ ነበር። እሱን ስንጠብቅ፣ ከዚያ ድስቱ አልተከደነም፣ ከዚያ በረዶ እንግዛ፣ ከዚያ አንዱ ልጅ ጫማውን ረሳ... በኛ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን።

ስንደርስ መኪናው ተሰልፏል። ከፊት ባለ ባርኔጣ ሬንጀር፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ቆሟል፤ በእጁ እያንዳንዱን መኪና ያዞራል። ተራችን ሲደርስ መስኮቴን ዝቅ አደረግሁ። «ሰር፣ ፓርኩ ሞልቷል» አለኝ። በትሕትና ነው፣ አልተቆጣም። አማቴ ከኋላ ወንበር «ምን አለ?» አሉ። «ሞልቷል አለ» አልኳቸው። «ምኑ? ሐይቁ?»

ምን እላለሁ? ዞርን። እንግዲህ ምግቡ መኪና ውስጥ ነው፣ ልጆቹ ያለቅሳሉ። አንድ ሱፐርማርኬት መኪና ማቆሚያ ገብተን፣ የመኪናው ኮፈን ላይ ፌስታል አነጠፍንና ዶሮ ወጡን እዚያው በላነው። ኮፈኑ ከመጋሉ የተነሣ እንጀራው ከእንደገና የተጋገረ ነው የመሰለው። አማቴ እስካሁን ፓርክ ሲባል «ያ ኮፈን ላይ የበላንበት?» ይላሉ።

ጥፋቱ የኛ ነው። ሬንጀሩ መኪና ይቆጥራል፤ ማቆሚያው ሲሞላ በሩ ይዘጋል። በበጋ ቅዳሜና እሁድ ሐይቅ ያላቸው ፓርኮች ገና በጠዋት ነው የሚሞሉት። ይሄን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እሺ፣ አንደኛው ነጥብ። ምንድን ናቸው?

ናሽናል ፓርክ የሚባለው የፌዴራል መንግሥቱ ነው። ስቴት ፓርክና ስቴት ፎረስት የግዛቱ ናቸው፤ የሜሪላንድ፣ የቨርጂኒያ። በግብር የምንከፍልባቸው፣ እንግዲህ የኛው ናቸው ማለት ነው። የፓርክና የፎረስትን ልዩነት እኔ እንዲህ ነው የምይዘው፦ ፓርኩ ሳሎን ነው፣ ፎረስቱ ጓሮ ነው። ሳሎን ውስጥ ወንበር አለ፣ መጸዳጃ አለ፣ ግሪል ተተክሎልሃል፣ ጀልባ ይከራያል። ጓሮ ስትወጣ ሰፊ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ግን ውሃህንም እንጀራህንም ይዘህ ነው። በፎረስት ውስጥ በዕቅድ እንጨት ይቆረጣል፣ በወቅቱ አደን ይፈቀዳል። በመጸው ወራት እዚያ የምትሄዱ ብርቱካናማ ልበሱ፤ ሚዳቋ መስላችሁ እንዳትገኙ።

ሁለቱ ደግሞ አንዳንዴ አንድ ላይ ይገኛሉ። በምዕራብ ሜሪላንድ ሳቬጅ ሪቨር የሚባለው የግዛቱ ትልቁ ስቴት ፎረስት አለ፤ ከ50,000 ኤከር በላይ ነው። እዚያ ጫካ መሐል ኒው ጀርመኒ የሚባል ፓርክ አለ። ሐይቁ 13 ኤከር ብቻ፣ የኪስ መሐረብ የምታክል። ራቅ ብሎ ደግሞ ኸሪንግተን ማነር የሚባል ፓርክ አለ፤ 53 ኤከር ሐይቅና ከግንድ የተሠሩ ጎጆዎች ያሉት። ጎጆዎቹ ይከራያሉ። ምድጃ አላቸው። በክረምት ከልጆቼ ጋር አንድ ሌሊት አድሬአለሁ፤ በረዶው ሲወርድ የሚሰማው የእንጨቱ መንጣጣት ብቻ ነበር።

ይበቃል፤ ወደ ሁለተኛው።

ከየት መጡ? አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ስንት የተፈጥሮ ሐይቅ ያለ ይመስላችኋል? አሥር? ሃያ? ... አንድም የለም። አንድም! እግዚአብሔር ለዚህ ግዛት የቼሳፒክን ባሕር ሰጠው፣ ወንዝ ሰጠው፣ ሐይቅ ግን አልሰጠውም። የምታዩት ሐይቅ ሁሉ ሰው የገደበው ነው።

ዲፕ ክሪክን ውሰዱ። 3,900 ኤከር ነው። ለእናንተ ለአባቶቼ በሚገባችሁ ልንገራችሁ፦ ወደ 40 ጋሻ። በ1925 የመብራት ኩባንያ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የገደበው ነው። ግዛቱ ሐይቁን የገዛው በ2000 ነው። ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ ሌክ አናን ታውቁታላችሁ፤ 13,000 ኤከር። ያ ውሃ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተጠራቀመው የኒውክሌር ማመንጫ ለማብረድ ነው። ዛሬ ዳሩ ላይ ስቴት ፓርክ አለ፤ ሰው ይዋኛል፣ ዓሣ ያጠምዳል። እዚህ ጌይዘርስበርግ አፍንጫችን ሥር ያለው ክሎፐር ሐይቅም፣ 90 ኤከሩ፣ የሰው እጅ ሥራ ነው።

ይሄን ሳነብ ለምን ሆዴ እንደባባ ልንገራችሁ።

እኔ የተማርኩት አለማያ ነው። ዛሬ ሐረማያ ይባላል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስትወጡ ዳገቱን ጨርሳችሁ ሜዳው ላይ ስትደርሱ ሐይቁ በመስኮት ይገባ ነበር። የፈተና ሰሞን ደብተራችንን ይዘን ዳሩ ላይ እንቀመጣለን። ማንበቡስ ያው ነው፤ ወፍ እንቆጥራለን። ማታ ማታ ከውሃው የሚነሳው ብርድ ጋቢ ያስፈልገው ነበር። ያ ሐይቅ ያልቃል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እርሻ ነው የምንማረው እኮ! የአፈር መከላት፣ የውሃ ሀብት፣ ምኑን ሁሉ እየተማርን፣ በመስኮት የሚታየውን ሐይቅ ግን ማንም በጥያቄ አላነሳውም።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ሮድ አይላንድ አቬኑ ላይ እየነዳሁ የድሮ የዶርም ጓደኛዬ ደወለ። ሰላምታ እንኳን አላስጨረሰኝም። «አለማያ ደረቀ» አለኝ። «ማን?» አልኩት፤ ሰው መሰለኝ። «ሐይቁ! ከብት ይግጥበታል!»

መኪናዬን ዳር አቆምኩ። መሄጃ ያጣ ተሳፋሪ በመስኮት ያንኳኳ ነበር፤ በእጄ «ሂድ» አልኩት።

ምን ነካው? ምሥጢር የለውም። የሐረር ከተማ ውሃዋን ከሱ ነበር የምትስበው። ዙሪያውን ለጫቱና ለአትክልቱ በፓምፕ ይጠጣ ነበር። ኮረብታው ተራቁቶ ደለሉ ገባበት። እያንዳንዱ የወሰደው ትንሽ ነው፤ ሐይቁ ግን አንድ ነው። ደግነቱ በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል። ዝናቡም አገዘ፣ ተራራው ላይ የተሠራው የአፈርና ውሃ ጥበቃም አገዘ። ፎቶውን የላከልኝ ያው ጓደኛዬ ነው። ስልኬ ላይ ገጽታው እሱ ነው፣ ኋላ አሳያችኋለሁ።

እንግዲህ ሐይቅ ያልነበራቸው ሰዎች ሐይቅ ሠርተው ልጆቻቸውን ሲያዋኙበት፣ ሐይቅ ዳር የተማርኩት እኔ 17 ዓመት በቡናማው ሰሌዳ ሥር ማለፌ አናደደኝ። ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩን መከታተል የጀመርኩት።

ደኑም እንደ ሐይቁ ነው። ዛሬ የምታዩት ጫካ ከጥንት የነበረ እንዳይመስላችሁ። በ1906 ጆንና ሮበርት ጋሬት የተባሉ ወንድማማቾች ከ1,900 ኤከር በላይ መሬት ለሜሪላንድ በነፃ ሰጡ፤ ወደ 20 ጋሻ ነው። ግን በባዶ እጅ ውሰዱ አላሉም፤ ግዛቱ ደን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ያቋቁም አሉ። ተቋቋመ። የመጀመሪያው የደን ኃላፊ ፍሬድ ቤዝሊ ይባላል። ይሄ ሰው ግዛቱን አውራጃ ባውራጃ ዞሮ ከ5 ኤከር የሚበልጠውን ጫካ ሁሉ ካርታ ላይ አሰፈረ። 36 ዓመት እዚያው ሥራ ላይ ቆየ። የኛ ሰው ወንበር ላይ 36 ዓመት ሲቆይ ምን እንደሚሠራ እናውቃለን... ይቅር፣ ፖለቲካ አትናገር ተብያለሁ።

ከኒንግሃም ፏፏቴ ስትሄዱ ደግሞ ሁለት ነገር እዩልኝ። ከዚህ አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ ተርሞንት የምትባል ከተማ አጠገብ። ፏፏቴው 78 ጫማ ይወርዳል። ሐይቁ 43 ኤከር ነው፤ ጋራው በሦስት በኩል አቅፎታል። ሰው ያንን አይቶ፣ ጥብሱን በልቶ ይመለሳል። እኔ ግን ከ15 ቁጥር መንገድ አጠገብ ያለውን የፓርኩን ክፍል እዩ ነው የምላችሁ። የድሮ ብረት ማቅለጫ ምድጃ ቆሟል፣ የድንጋይ። ካቶክተን ምድጃ ይባላል። በ1776 ሥራ ጀመረ፣ በ1903 ቆመ። ያ ምድጃ የሚነደው በምን ነበር? በከሰል! ያንን ሁሉ ጋራ እየጨፈጨፉ ከሰል አከሰሉት። የዚያ ዘመን ምድጃ በቀን አንድ ኤከር የሚጠጋ ጫካ ይበላ ነበር ይባላል። ከፓርኩ ጎን ባለው የፌዴራል ጫካ ውስጥ ከሰል ይከሰልባቸው የነበሩ ክብ ክብ ቦታዎች እስከዛሬ ይታያሉ። እንደ አውድማ የተደለደሉ ናቸው። ከሰል ሲከሰል አይተን ላደግን ሰዎች ማንም ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ እግርህ ያውቀዋል።

ሁለተኛው። ምድጃው ላይ ሲሠሩ የነበሩት ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ናቸው። መቃብራቸው እዚያው አጠገብ ነው። የተገኘው መንገድ ሲሠራ ነው። በ2023 ሳይንቲስቶች የ27 ሰዎችን አፅም ዲኤንኤ መርምረው ውጤቱን አወጡ። የአንዳንዶቹ ዘር ወደ ሴኔጋምቢያ፣ ወደ ወሎፍና ወደ ማንዲንካ ይሄዳል፤ የአንዳንዶቹ ወደ ኮንጎ። ዛሬ በሕይወት ካሉ አሜሪካውያን ከ41,000 በላይ የሚሆኑ ዘመዶቻቸው በዲኤንኤ መዝገብ ውስጥ ተገኙ። ስም እንኳን ያልተጻፈላቸው ሰዎች!

ልጄ እዚያ ስንቆም «አባዬ፣ እኛም ከነሱ ነን?» አለችኝ። «አይ፣ እኛ በአውሮፕላን ነው የመጣነው» አልኳት። ወዲያው አፈርኩ። ለምን እንዳፈርኩ ትንሽ ልጨምርበት።

እዚያ አሸዋ ላይ ፎጣችንን አንጥፈን የምንተኛው እኮ ዝም ብሎ አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ትዊን ሌክስ፣ መንታ ሐይቅ፣ የሚባል ስቴት ፓርክ አለ። ለምን መንታ? በ1948 ማሲዮ ማርቲን የተባለ ጥቁር የባንክ ሰው ወደ አንድ ስቴት ፓርክ ሄዶ አትገባም ተባለ። ከሰሰ። ግዛቱ ምን አደረገ? ክፈቱለት ማለት ሲቀል፣ በ1950 «የኔግሮዎች» ብሎ ሌላ ፓርክ ሠራ፣ ሌላ ሐይቅ ዳር። የነጮቹ ሐይቅ ደግሞ እዚያው ጎረቤት! አጭር መንገድ ይለያቸዋል። ሁለት ሐይቅ፣ ሁለት በር፣ አንድ ጫካ። በ1976 ነው ሁለቱ በአንድ አስተዳደር የተጠቃለሉት፤ ስሙም በ1986 መንታ ሐይቅ ተባለ። እዚህ ሜሪላንድ ሳንዲ ፖይንት የምትሄዱት፣ ያም በፍርድ ቤት ነው የተከፈተው፤ ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1955 ተወሰነ። የባሕር ዳርቻው ጥቁርና ነጭ ተብሎ ተለይቶ ነበር። እኛ ስንመጣ በሩ ተከፍቶ ጠበቀን። ልጄን «በአውሮፕላን ነው የመጣነው» ስላት ያፈርኩት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ከታሪኩ እወጣለሁ፤ ምሳው እንዳይቀዘቅዝ። ብዙዎቹን ፓርኮች የሠሯቸው ሥራ ያጡ ወጣቶች ናቸው። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ መንግሥት ወጣቶችን በካምፕ እያሰፈረ ዛፍ አስተከላቸው፣ መንገድ አስጠረጋቸው፣ ግድብ አሠራቸው። ከ1933 እስከ 1942 ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አልፏል። ቨርጂኒያ በ1936 ስድስት ፓርክ በአንድ ቀን የከፈተችው በነሱ ጉልበት ነው። የቀድሞዎቹን ጎጆዎች ብታዩ፣ የግንዱ ማዕዘን አሁንም በመጥረቢያ የተቆረጠበት ይታያል። ደመወዛቸው በወር 30 ዶላር ነበር፤ 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰብ ይላካል። ገንዘብ ወደ ቤት መላክ! ይሄን ለኛ ማን ያስረዳናል?

እሺ። ሦስተኛው፤ እንዴት ነው የሚኬደው?

ቶሎ ቶሎ ልበለው። በጊዜ ሂዱ። ከመነሳታችሁ በፊት የፓርኩን ገጽ እዩ፤ አንዳንዶቹ ቀድማችሁ ቦታ እንድትይዙ ይፈልጋሉ፣ የሞላ ካለም እዚያ ይጻፋል። ዕድሜያችሁ 62 የሞላ ለአዛውንት የሚሰጥ ካርድ አለ፣ ጠይቁ። አታፍሩ፣ 62 መሆናችሁን ማንም አይቶ አያውቅባችሁም። በሜሪላንድ ፓርኮች ቀን ለመዋል ስትሄዱ አልኮል አይፈቀድም። ኩለሩን የምትሞሉ ወንድሞቼ፣ እያየኋችሁ ነው። ማገዶ ከቤታችሁ ይዛችሁ አትሂዱ፤ በማገዶ ውስጥ ነፍሳት ይጓዛሉ። አሽ የሚባለውን ዛፍ የጨረሰው አረንጓዴ ጥንዚዛ በ2003 ሜሪላንድ ገብቷል። እዚያው ግዙ፣ እዚያው አንድዱ።

ቆሻሻ! ብዙዎቹ የሜሪላንድ ስቴት ፓርኮች የቆሻሻ መጣያ የላቸውም። ረስተው አይደለም፤ ይዘህ የመጣኸውን ይዘህ ሂድ ነው። አንድ ጊዜ አክስቴ የዶሮ አጥንት በፌስታል ይዛ ግማሽ ሰዓት ቅርጫት ፈለገች። በመጨረሻ እቅፍ አድርጋው ተመለሰች። ሁለት ፌስታል ትርፍ ያዙ፤ ሌላ ዘዴ የለውም።

ዓሣ። ለማጥመድ ዕድሜው 16 የሞላ ሰው ሁሉ ፈቃድ ያስፈልገዋል። እኔ የሐይቅ ዓሣ የእግዚአብሔር ነው ብዬ አንድ ዘንግ ገዝቼ ቁጭ ብዬ ነበር። የተፈጥሮ ሀብት ፖሊስ መጣ። «ፈቃድህን?» አለኝ። የታክሲ ፈቃዴን አሳየሁት። እውነቴን ነው፣ ደንግጬ ነው! ሳቀና በማስጠንቀቂያ አለፈኝ። ያ ዓሣ ግዛቱ ራሱ አርብቶ የሚለቀው ትራውት ሊሆን ይችላል፤ የፈቃዱ ገንዘብ ለዚያ ነው። ያለ ፈቃድ መሞከር የምትፈልጉ ደግሞ፣ የሰኔ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎችና ጁላይ 4 ነፃ ናቸው፤ በእነሱ ጁን ማለቴ ነው።

አሁን ሁለት የማልቀልድባቸው ነገሮች አሉ።

አንዱ ውሃው ነው። ብዙዎቻችን ዋና አናውቅም። ሐይቅ ዳር ተምሬአለሁ ብዬ የደሰኮርኩት እኔ ዋና የተማርኩት በ46 ዓመቴ ነው፣ እዚህ፣ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር በአንድ ክፍል። ሐይቅ እንደ መዋኛ ገንዳ አይደለም። ወለሉ አይታይም፣ በአንድ እርምጃ ጥልቅ ይሆናል። መዋኘት የተከለከለበት ሐይቅ አለ፤ ክሎፐር አንዱ ነው። ጀልባ ስትከራዩ፣ በትናንሽ ጀልባ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ላይፍ ጃኬት መልበሱ ግዴታ ነው። እኔ ለሁላችሁም ግዴታ አድርጌዋለሁ፣ በሽምግልናዬ። ልጆች ውሃ ውስጥ ሲሆኑ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው ይመደብ። ስልክ የማይነካ፣ ካርታ የማይጫወት፣ ቡና የማያጣራ። በተራ ነው። «ሁላችንም እያየን ነው» ማለት ማንም አያይም ማለት ነው።

ሁለተኛው መዥገር ነው። አዎ፣ መዥገር! አሜሪካ ድረስ ተከትሎን መጥቷል አትሉም? የዚህ አገሩ የሰሊጥ ፍሬ ያህላል፤ ላይም የሚባል በሽታ ያስተላልፋል። ስሙን ያገኘው በኮነቲከት ካለች ከተማ ነው። ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ አንዳንዴ ቆዳ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ክብ ቅላት። ቶሎ ከታወቀ በመድኃኒት ይድናል።

እናቴ ነፍሷን ይማረውና ከሐረር ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ከጫካ ስንመለስ ማታ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ጸጉሬን ስትዳብሰኝ ጣቷ ከጆሮዬ ሥር ቆመ። «ልጄ፣ መዥገር ይዞሃል» አለች። መብራት የለም፣ መነጽር የለም፤ በጣቷ ጫፍ ብቻ! ዕድሜዋን ሙሉ ከላም ላይ ስትነቅል የኖረች ሴት ናት። «ቅቤ አምጡ!» አለች። ባለቤቴ ነርስ ነች፤ «እማዬ፣ ቅቤ አይሆንም፣ ክብሪትም አይሆንም» አለቻት። የቅንድብ መንቀያውን አመጣችና ከቆዳዬ ጥግ ይዛ ቀጥ አድርጋ ሳበችው። እናቴ አጎንብሳ አየችው። «ይሄማ ጥጃ ነው» አለች። «የኛው ይበልጣል።»

እንግዲህ ረጅም ካልሲ፣ ሱሪውን ካልሲ ውስጥ። ማታ ልጆቹን ፈትሹ፤ ከጆሮ ኋላ፣ ብብት፣ ከጉልበት ኋላ። አያት ያላችሁ በአያት አስፈትሹ።

ጊዜዬ አልቋል እያሉኝ ነው። አንድ ደቂቃ። ጎልማሶቹ ጉልበት ያላችሁ ስዋሎ ፏፏቴ ድረስ ሂዱልኝ፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ሄምሎክ የሚባሉ የጽድ ዘመዶች አሉ፣ ከ300 ዓመት በላይ የሆናቸው። መጥረቢያ ያልነካቸው ናቸው። አፄ ባካፋ ጎንደር ላይ ሲነግሡ እነዚያ ዛፎች ችግኝ ነበሩ። ሥራቸው ስትቆሙ መንገዱ እንደ ፍራሽ ነው፤ ኮቴ አይሰማም። እኔ እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ ባርኔጣዬን አወልቃለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር የገባሁ ይመስለኛል።

እንግዲህ የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ከኒንግሃም እንሄዳለን። ስም የሚጽፉት እዚያ በር ላይ ናቸው። ጀበናውና ቡታጋዙ እኔ ጋ ነው። እጣን አልይዝም፤ ባለፈው የጎረቤት ጠረጴዛ እሳት ተነሳ ብሎ ሬንጀር ጠርቶብናል። ዳቦ የሚደፉ እናቶች ራሳቸው ያውቁታል፣ ስም አልጠራም።

መነሻ ከዚሁ ግቢ ነው። ሰዓቱን በደንብ ስሙኝ። በኛ አንድ ሰዓት። በእነሱ ሰባት። ጠዋት። ሰባት ተኩል ላይ የመጣ እንጀራውን ኮፈን ላይ ይበላል።

አንተ እዚያ አምድ ሥር የተቀመጥከው፣ የባለቤቴ እህት ባል። ሰምተሃል? ጠዋት ነው።